ከናዳው የተረፉት

"ሁለት መቶ አስራ ሦስት፤ ዋንዛ፤ ከጉልበት በላይ" አለ አማኑ። ቅጹ ላይ አንድ ጭረት ጨመረና ሦስት ሜትር ያህል ወደ ላይ ተራምዶ ቆመ። "እዚህ ጋ አንድ መኖር ነበረባት። የለችም። ሞታለች ማለት ነው።"

"ምኗ ሞተች!" አለ ይርጋ። ጎንበስ ብሎ ሣሩን በገጀራው ጀርባ ገለጥ አደረገው። "ይቺውልህ። ጥቁር እንጨት ናት። ፍየል ጫፏን ቀንጥሷታል እንጂ ሥሯ ደህና ነው።"

አማኑ ተንበርክኮ ግንዷን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ውስጡ አረንጓዴ ነው። "ሁለት መቶ አስራ አራት። ጋሽ ይርጋ፣ እርስዎ ባይኖሩ ግማሹን ገድዬው ነበር።"

ከኋላቸው በምርኩዝ ቀስ እያሉ የሚከተሉት ጋሽ ወልደዮሐንስ ሳቁ። ይርጋ ግን አልሳቀም፤ ምላሱን ነከሰ። ከጠዋት ጀምሮ በገዛ እጁ ፈልጎ ያስቆጠረው ችግኝ ይሄ አራተኛው ነው፤ የመጣው ደግሞ ቆጠራው ሲጎድል ለማየት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍስሐ ገነት ወደ ሬኮ ሲኬድ በስተቀኝ የሚታየው ይህ ተዳፋት የአባቱ የአቶ ሙሉካ መሬት ነበር። አባትየው ሲሞቱ ለይርጋና ለታላቅ ወንድሙ ለአምሃ ሳይከፈል ተላለፈ። አምሃም ከሞተ አምስት ዓመት አለፈው። ሚስቱ ጥሩብርሃን ከተዳፋቱ በታች፣ በስተግራ በኩል፣ እንሰቷ መሐል ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ይርጋ ከተማ ገብቶ አጣና ይነግዳል። የሰው ባሕር ዛፍ በቁሙ ገዝቶ ያስቆርጥና ዲላ ለሚሠሩ ፎቆች መወጣጫ ይልካል። አስር ዓመት ሙሉ ሲቆርጥ የከረመው የሰው ዛፍ ነው፤ የራሱ የሚለው አንድ ግንድ የለውም። ሻጮቹ በየዓመቱ ዋጋ በጨመሩበት ቁጥር "እኔም መሬት ነበረኝ እኮ" እያለ ይህን ተዳፋት ያስባል።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ፕሮጀክት መጣና፣ ዛፍ ከአየር ለሚስበው ካርቦን ፈረንጅ ገንዘብ ይከፍላል ብሎ፣ በተራቆተ መሬት ላይ ሀገር በቀል ዛፍ የሚተክል ገበሬ መመዝገብ ጀመረ። ጥሩብርሃን ተመዘገበች። ይርጋ "ባሕር ዛፍ እያለ ዝግባ? ዝግባ እስኪደርስ የልጅ ልጄ ይሸብታል" ብሎ ተቃወመ። ነገሩ ሽማግሌዎች ወደሚቀመጡበት ወደ ሶንጎ ደረሰ፤ እዚያም ተፈረደ። አራት መቶ ችግኝ ይተከላል፤ ሦስት ክረምት ያልፍበታል። ፕሮጀክቱ ሲቆጥር ሦስት መቶ ከቆመ መሬቱ ሠላሳ ዓመት አይነካም፤ ይርጋም ጥያቄውን ይተዋል። አንድም እንኳ ከሦስት መቶ ከጎደለ መሬቱ የይርጋ ነው፤ ባሕር ዛፉን ይትከልበት። ሁለቱም በሽማግሌ ፊት እሺ አሉ።

ሦስተኛው ክረምት አልፎ ጥቅምት ሁለት ሺህ ስድስት ገባ። ቆጣሪ ሆኖ የመጣው አማኑ ደን ያጠና የዲላ ልጅ ነው፤ ጫማው ለጭቃ የተሠራ አይደለም። ጋሽ ወልደዮሐንስ ሶንጎው የላካቸው ምስክር ናቸው።

"ልጄ፣ እስቲ ልጠይቅህ" አሉ ጋሽ ወልደዮሐንስ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው። "ይቺ ካርቦን የምትሉት ነገር በኪሎ ነው የሚመዘነው?"

"በቶን ነው፣ አባባ።"

"በቶን! ማን አየው?"

"አይታይም። አየር ውስጥ ያለ ነው። ዛፉ ስቦ ግንዱና ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለዚህ ነው የግንዱን ውፍረት የምለካው።"

"አይታይም፣ ግን ይመዘናል" አሉና ወደ ይርጋ ዞሩ። "ሰማህ? አንተ አጣና እየሸጥክ ትለፋለህ፤ ፈረንጅ የማይታየውን ይገዛል።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለ ይርጋ።

"ካርቦኑ ብቻ አይደለም" አለ አማኑ ትንሽ ቅር ብሎት። "ብዝኃ ሕይወትም አለ። ወፉ፣ ንቡ፣ እንስሳው ይመለሳል። ባሕር ዛፍ ሥር ምን አለ? ምንም የለም።"

ከበላያቸው ረድፍ እየለየች ምልክት የምታስረው ጥሩብርሃን ቀና አለች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ በቀበቶ ፋንታ ወገቧን በነጠላ አጥብቃ ታስራለች። "ጉሬዛ መጥቶ ነበር" አለች። "ባለፈው ሳምንት፣ ብርብራው ላይ። ብቻውን ነበር። ዛፉ ገና ትንሽ ስለሆነ አልቻለውም፤ ጎብጦ መሬት ሊነካ ሆነ። ጉሬዛውም አፍሮ ወረደ።"

ሁሉም ሳቁ፤ ይርጋም ሳያስበው ሳቀ።

ተዳፋቱ እንዲህ ተራቁቶ የኖረ አይደለም። ከአናቱ እስከ ወንዙ ድረስ ቡና፣ እንሰትና ትልልቅ ጥላ ዛፍ ነበር። በዘጠና አራት የቡና ዋጋ ሲወድቅ፣ የአንድ ኪሎ እሸት ዋጋ ከለቀማው ድካም በታች ሲሆን፣ አምሃና ይርጋ ቡናውን ነቀሉት። ቡና ከሌለ ጥላው ምን ያደርጋል ብለው ዛፎቹንም ጣሏቸው። በቆሎ ዘሩ። በቆሎው ሁለት ዓመት ጥሩ ሰጠ፤ በሦስተኛው አፈሩ በጎርፍ ሄዶ ቀይ ድንጋይ ብቻ ቀረ። አባታቸው ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። አልተቆጡም፤ አልረገሙም። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ወጥተው ተዳፋቱን ሲያዩ ይቆዩና ምንም ሳይናገሩ ይገባሉ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ይርጋ ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ሲያስታውሰው አሁንም ይቆጠቁጠዋል።

"ሁለት መቶ ሠላሳ ሰባት" አለ አማኑ።

ይርጋ ገጀራውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እጁን አጣመረ። ከእንግዲህ ሣር አልገልጥም ብሎ ወሰነ። ልጁ ለዚህ ተምሯል፤ ራሱ ይፈልግ።

ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር የሣር መግለጥ ብቻ አልነበረም። ማንም የማያውቀው አንድ ጉዳይ ነበረው።

ካቻምና ነሐሴ፣ ሁለት ቀን ዘንቦ ባደረበት ማግስት፣ የተዳፋቱ የታችኛው ቀኝ ጥግ ተንዶ ወደ ወንዙ ወረደ። ናዳው ከጥሩብርሃን በረት ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ነው ያለፈው። እሷና ልጆቿ ያን ዕለት ጎረቤት አደሩ። ሠላሳ አንድ ችግኝ ከአፈሩ ጋር ሄደ። እሷ ለፕሮጀክቱ ይህንኑ አስታወቀች፤ አማኑ በያዘው ካርታ ላይ ያ ጥግ በቀይ ተሰርዟል። መንገዱ ስለተበላ ውሃ የሚቀዳውም ሰው በሌላ በኩል መውረድ ጀመረ። ቦታው ሣር ዋጠው።

ይርጋ ግን በናዳው ሦስተኛ ቀን ከወንዙ ማዶ አጣና ሲያስጭን ውሎ፣ መሬቱ እንዴት ሆኖ ይሆን ብሎ ተሻግሮ አይቶ ነበር። የተገለበጠ አፈር ነው። በጭቃው መሐል ችግኞች ሥራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ተጋድመዋል፤ አንዳንዶቹ አፈራቸውን እንዳቀፉ ናቸው። አንዷን አነሳ። ዝግባ ነበረች። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሥሩ ፀሐይ የሚመታው ችግኝ እያየ አያልፍም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናቱ ያስለመደችው ነገር ነው፤ ማሳ ሲያርም እንኳ ወፍ የዘራውን ቡቃያ ለይቶ ይተዋል። በእጁ ጉድጓድ ቆፈረና ቀበራት። ሁለተኛዋን አነሳ። ኮባ ቀንጥሶ ጥላ አበጀላቸው፤ ጎርፉ እንዳይወስዳቸው በስተላይ በኩል ድንጋይ ደረደረ። አስራ አንድ አዳነ። ወንዙ ውስጥ እጁን ሲታጠብ ነው ምን እንደሠራ የገባው።

"አበድክ እንዴ?" አለ ለራሱ ያን ጊዜ። የገዛ መሬቱን የሚያሳጣውን ዛፍ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሲተክል ሰዓት ሙሉ ፈጅቷል። ሊነቅላቸው ተመለሰና አንዷን ያዛት። እጁ አልታዘዝ አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተዋቸውና ወጣ። አስራ አንዱም ጸድቀዋል፤ ከወር በፊት ከማዶ ሆኖ ሲያይ ጫፋቸው ከሣሩ በላይ ብቅ ብሏል።

ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም ቢሆን።

እኩለ ቀን ሲሆን ቆጠራው ወደ ላይኛው ጠርዝ ደረሰ። ምስጥ የበላቸው ብዙ ነበሩ። አማኑ በየባዶው ጉድጓድ እየቆመ ራሱን ይነቀንቃል። የጥሩብርሃን ከንፈር ከእሱ እኩል ይቆጥራል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ድምፁ ዝግ እያለ መጣ።

"ሁለት መቶ ዘጠና ሁለት። ብርብራ።" ተራመደ። "የለም። የለም። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት፤ ዋንዛ።" ቆመና ወረቀቱን አገላበጠ። "አለቀ።"

"እንደገና ደምረው" አሉ ጋሽ ወልደዮሐንስ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።"

አማኑ በስልኩ ደመረ። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ሆነ። ሁለተኛ ደመረ፤ ያው ነው።

ጥሩብርሃን መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ሦስት ዓመት በጋ በጋውን ከወንዙ በጄሪካን ውሃ ተሸክማ እያወጣች ያጠጣችው ተዳፋት ከፊቷ ተዘርግቷል። ይርጋ ሊያያት አልፈለገምና ወደ ማዶ አሻግሮ ተመለከተ።

"ይኸውላችሁ" አለ አማኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰባት ምን አላት? ሣር ውስጥ ተሰውሮ ያልታየኝ ይኖራል። ሦስት መቶ ብዬ እሞላዋለሁ። ማንም መጥቶ አይቆጥረውም።"

ጋሽ ወልደዮሐንስ ይርጋን አዩት። የይርጋ ፊት ጋለ። "እንዴት ነው ነገሩ?" ሊል አፉን ሲከፍት ጥሩብርሃን ቀደመችው።

"አይሆንም፣ ልጄ" አለች።

"እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው። ሦስት ዓመት ለፍተዋል…"

"ገብቶኛል። እግዚአብሔር ይስጥህ። ግን የሌለውን ዛፍ አለ ብለህ ብትጽፍ፣ ገንዘቡን የከፈለውን ፈረንጅ አየር ማን ሊስብለት ነው? ወረቀቱ?" ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። "ደግሞ ይርጋ የባሌ ወንድም ነው። በውሸት ቁጥር የአባቱን መሬት አልቀማውም። ቢጎድል ጎደለ።"

"ተናገረች" አሉ ሽማግሌው። ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉና በደንብ ቆሙ። "እንግዲህ በሶንጎ የተባለው ቃል ነው። ሦስት መቶ አልሞላም። መሬቱ የይርጋ ነው። ይርጋ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አለ ይርጋ።

ሦስት ዓመት የጠበቀው ቃል ነው። ደስታው ይመጣል ብሎ ትንሽ ጠበቀ፤ አልመጣም። አጣናውን በዓይነ ሕሊናው ሊደረድር ሞከረ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ የመጀመሪያው ቆረጣ፣ ከዚያ እንደገና ማቆጥቆጥ፣ ከዚያ ሁለተኛው ቆረጣ። በየቆረጣው ይህ ተዳፋት ራቁቱን ይሆናል፤ ክረምት ይመጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ያ ቤት አለ።

"ይርጋ" አለች ጥሩብርሃን። "አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ።"

"ምን፣ እትዬ?"

"እስከ ሰኔ ታገሠኝ። ዝናብ ሲገባ እየነቀልኩ ልውሰዳቸው። ጥቂቱን በቤቴ ዙሪያ፣ ጥቂቱን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የተረፈውን ለጎረቤት እሰጣለሁ። ትልልቆቹ ምናልባት አይጸድቁም። ግን በመጥረቢያ ከሚሆን እኔው ልሞክር።"

"እሺ" አለ። ሌላ ምን ይባላል?

አማኑ ቅጹን ደብተሩ ላይ ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበው፤ ሥራው ስለሆነ ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። "በሕይወት የተገኘ፣ ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት። ከዚህ ቁጥር ውጭ በይዞታው ላይ በሰው እጅ ተተክሎ በሕይወት ያለ ሌላ ሀገር በቀል ዛፍ አለመኖሩን በቦታው ተገኝተን አረጋግጠናል። የባለይዞታ ፊርማ፣ የምስክር ፊርማ፣ የወራሽ ፊርማ። ወራሹ ጋሼ ነዎት አይደል?"

"አዎ።"

ጥሩብርሃን በትምህርት ቤት ጽሑፍ ስሟን ሙሉ አድርጋ ጻፈች። ጋሽ ወልደዮሐንስ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙና እጃቸውን በሣር ጠረጉ። ከዚያ አማኑ እስክሪብቶውን ለይርጋ አቀበለው።

ይርጋ እስክሪብቶውን ያዘ። ስሙ የሚጻፍበትን መስመር አየው፤ ባዶ ነው፣ ነጥብ ነጥብ ነው። ዛሬ ጠዋት ማንም አልጠየቀውምና አልዋሸም፤ ዝም ነው ያለው። ዝም ማለት ቀላል ነበር። አሁን ግን በእጁ "የለም" ብሎ ሊጽፍ ነው፤ ያችው እጅ ናት ደግሞ ጭቃ ውስጥ ገብታ የቀበረቻቸው። ቢፈርም መሬቱ የእሱ ነው፤ ያለ አንዳች ክርክር፣ በሴትየዋም በሽማግሌውም አፍ ተመስክሮለታል። ባይፈርም ከነገ ጀምሮ እንደገና የሰው ዛፍ ለመግዛት በየገበሬው ደጅ መቆም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ። ሚስቱ ምን ትለዋለች? ጅል ትለዋለች። እውነቷን ነው።

"ጋሼ? እዚህ ጋ ነው" አለ አማኑ በጣቱ እያሳየ።

"ሰባት ነው የጎደለው ያልከው?"

"ሰባት።"

ይርጋ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከቶ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። "ከታች አስራ አንድ አለ" አለ።

"የቱ ታች?"

"ናዳው የወረደበት። ወንዙ ዳር። ዝግባ ስድስት፣ ጥቁር እንጨት ሦስት፣ ዋንዛ ሁለት። ሁሉም ቆመዋል።"

"እዚያ ምንም አልቀረም" አለች ጥሩብርሃን። "ተንዶ ሲወርድ እኔው ራሴ አይቼዋለሁ። ሁሉም ሄዷል።"

"ሄደው ነበር።"

አማኑ ካርታውን አውጥቶ በቀይ የተሰረዘውን ጥግ አየ። "ወንዙ ወሰን ስለሆነ ይዞታው ውስጥ ነው" አለ ግራ እንደገባው። "ግን ጋሼ፣ በራሱ የበቀለ ከሆነ አይቆጠርም። የተተከለ መሆን አለበት። ማን ተከላቸው?"

ሦስቱም ይርጋን አዩት። ጋሽ ወልደዮሐንስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ይርጋ መሬት መሬት እያየ ጆሮው ድረስ ቀላ።

"እኔ" አለ፤ የሰው በግ ሰርቆ በሽማግሌ ፊት እንደሚያምን ሰው።

ጥሩብርሃን እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይርጋ የማንንም ፊት ሳያይ ገጀራውን ከብብቱ አወጣና ቁልቁለቱን ፊት ፊት መውረድ ጀመረ፤ ሣሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጣለ። አማኑ ወረቀቱን ሰብስቦ እየተንሸራተተ ተከተለው።

"ቀስ!" አለው ይርጋ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ዞር ብሎ። "በዚያ በኩል አትርገጥ፤ አንደኛዋ እግርህ ሥር ናት።"